ለሁለት የማይሰነጠቅ ቀንበር

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

የላይንና የታችን አገር ያስታረቅሁት እኔ ነኝ።

እሺ፣ ብቻዬን አይደለም። ሽማግሌዎቹም ነበሩበት። እኔ ውሃ አቀብላቸው ነበር። ግን ጉሮሮው የደረቀ ሽማግሌ ይቆጣል እንጂ አያስታርቅም፤ ስለዚህ የእኔን ድርሻ ማንም አይናቀው።

የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን «ፊደሉ እንዳይጠፋችሁ የዋላችሁበትን ጻፉ» ብለውናል። ጓደኞቼ «ዛሬ አረስኩ፣ ዛሬ ገበያ ወጣሁ» እያሉ ይጽፋሉ። እኔ ሽፈራው ግን ታሪክ ነው የምጽፈው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እኛ ከአንኮበር ወረድ ብሎ አፋፉ ላይ ነን፤ ብርዱና ገብሱ የእኛ ነው። ቁልቁል ወርደው ሲጨርሱ ቆላው አለ፤ ማሽላውና ፍየሉ የነሱ ነው። ላይ የምንበዛው አማሮቹ ነን፣ ታች የሚበዙት አርጎባዎቹ ናቸው። አምና በግጦሽና በውሃ ተጣላን። ማን ጀመረው? እኛ እነሱ ናቸው እንላለን፣ እነሱ እኛ ነን ይላሉ። ከብት ተነዳ። ከወዲያም ከወዲህም ሰው ሞተ። ደሙ በካሣ ደረቀ፤ ፍርሃቱ ግን አልደረቀም። እኛ መሃል ያሉት ጥቂት የአርጎባ ቤቶች፣ እነሱ መሃል ያሉት ጥቂት የእኛ ቤቶች፣ በአንድ ዓይናቸው ነው የሚተኙት።

ዛሬ ተቆረጠ። እነዚህ ጥቂቶች ቤት ለቤት፣ ማሳ ለማሳ ተለዋውጠው ወደየወገናቸው ይሄዳሉ። የኛው ባሻ ዘለቀና የነሱ ሼህ ሙሳ እጅ ለእጅ ተመታተው ማሉ። በመዛወሪያው ቀን ግን ሊጣሉ ደርሰው ነበር። ዓርብ ለእነሱ አይሆንም፣ እሁድ ለእኛ አይሆንም፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰኞ ሆነ።

አንድ ከባድ ሕግ አለው። ከሰኞ በኋላ የታች ከብት ላይ፣ የላይ ከብት ታች በረት ውስጥ ቢገኝ፣ ስርቆት ነው። የበረቱ ባለቤት ቃል አፍራሽ ተብሎ ከአገር ይወጣል። ጠቡ የተነሣው በከብት ነውና እንዳይመለስ ነው። እኔም ከሁሉ በላይ ጮኼ ማልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ጎረበጠኝ። ከሚሄዱት አንዱ ይማም ነው። ይማም የአጥር ጎረቤቴ ነው። ደግሞም ቅንጃዬ ነው። እኔ ዳለቻ የሚባል አንድ በሬ አለኝ። እሱ ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስ፤ ሁለቱን አጣምደን አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን ስናርስ ጎረመስን፣ አገባን። በሬዎቹም በእኔ በረት አብረው ነው የሚያድሩት።

ሰኞ ቦራ ይሄዳል። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 27

ከቅዳሴ በኋላ ባሻ ዘለቀን ይዤ ጥግ ወሰድኳቸው። ይማም እዚሁ ይቅር አልኩ። ያልተኮሰ፣ ያልነዳ፣ በሰው ፊት ጮኾ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንዱን ካስቀረሁ ሁሉም ልቅር ይለኛል። ሁሉም ከቀረ ደግሞ ይህን ክረምት በሰላም አናልፈውም። ዝም በል ሽፈራው፣ ዝም ማለት ባትችልም።»

ከሰዓት ከይማም ጋር የእርሻ ዕቃ ተካፈልን። ማረሻው የእሱ ነው፣ ወሰደ። ሞፈሩ የእኔ ነው፣ ቀረ። ቀንበሩ ግን ከአንድ ግንድ ላይ አብረን የጠረብነው ነው፤ አንደኛው ጎን የቦራን አንገት፣ ሌላው የዳለቻን አንገት ለምዶ ለስልሷል። እኔም ለቀልድ መጥረቢያ አምጥቼ «የቱን ጎን ትወስዳለህ?» አልኩት።

ይማም እኔ መቶ ቃል ስናገር አንድ የሚመልስ ሰው ነው። መጥረቢያውን ከእጄ ወሰደና አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«ቀንበር ለሁለት አይሰነጠቅም። አንተ ዘንድ ይቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ ቀልድ አላመጣሁም። አስካለች፣ ሚስቴ፣ ታምሜ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ስለ በሬዎቹ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለልጅ ልጅ ይቅር። ጠዋት ስንጠምድ እኔ «በስመ አብ» እላለሁ፣ ይማም «ቢስሚላህ» ይላል። ከዚያ ጅራፍ ይጮሃል። ከወይፈንነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። ሁለቱንም ካልሰሙ ቢገርፏቸው አይነቃነቁም። እንደነሱ ያለ ጸሎተኛ በሬ በሸዋ የለም። በየትም የለም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ሄዱ።

እኛም እስከ ዋርካው ሸኘናቸው። ዋርካው የላይና የታች እኩሌታ ነው። ከታች የሚመጡትም እዚያው ደረሱ። ሁለቱ ሰልፎች ፊት ለፊት ቆሙ። ዕቃው በአህያ፣ ዶሮው በሴቶች ብብት፣ ድመቷ በጆንያ። ማን ለማን ምን ይበል? እኔ እንኳ የምለው ጠፋኝ፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ሴቶቹ ናቸው የጀመሩት። ዘሃራ፣ የይማም ሚስት፣ ወደ ቤቷ የምትገባዋን ሴትዮ ፈልጋ አገኘቻት። ጓዳው በስተግራ ያፈሳል አለቻት። ቀይዋ ዶሮ ጎተራ ስር ነው የምትጥለው፣ ምድጃው ውስጥ ፍም አዳፍኜልሻለሁ፣ ሳይጠፋ ድረሺበት አለቻት። ያቺም በተራዋ የቆላውን ቤት ነገረቻት። ግድግዳው ስር እባብ አለ፣ አትግደሉት፣ አይጥ ነው የሚበላው። ከዚያ ሰው ሁሉ ቤቱን ማስረከብ ያዘ። አንዱ የምንጩን መንገድ፣ አንዱ የተናካሹን ውሻ ስም ይናገራል። አምና በጦር የተፈላለጉ ሰዎች ስለ ጣራ ማፍሰስ ሲመካከሩ ዋሉ።

የይማምን ቤት የወሰደው ክፍሌ የሚባል ሸበቶ ሰው ነው። ይማም ወደ እሱ ጠጋ አለና አገጩን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ጎረቤትህ እሱ ነው። ብዙ ያወራል፣ ግማሹን ስማው።»

«የትኛውን ግማሽ?» አለ ክፍሌ።

«እሱን እኔም እስካሁን አላወቅሁት።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ይማም ቦራን እየሳበ ቁልቁል ወረደ። ቦራ አንገቱን እያዞረ አየን። ይማም አልዞረም። እኔ አቧራ ዓይኔ ገብቶ በደንብ አላየሁም።

ክፍሌ በሬ ይኖረዋል ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ይዞ የመጣው ፍየል ነው። ፍየል ብቻ። አንድ በሬ ነበረው፣ አምና ተነዳበት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ዛሬ ዳለቻን ከዘመዴ ከተዋስኩት በሬ ጋር ጠመድኩት። «በስመ አብ» አልኩ። የተዋስኩት በሬ ተነሣ። ዳለቻ እንደ ድንጋይ ቆመ። ገረፍኩት፣ ለመንኩት፣ ግጥም አወጣሁለት። ምንም።

ግራ ቀኝ አየሁ። ቄሱ በአቅራቢያው የሉም። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ስር «ቢስሚላህ» አልኩት።

ተነሣ! ሁለት ትልም ያህል ሄደ። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ የማያውቀውን በሬ አየና ተኛ። ድምፁ የይማም እንዳልሆነ ነቃብኝ መሰለኝ። ማሳው መሃል ተኝቶ ያመሰኳል፤ እኔም ጎኑ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ክፍሌ አጥሩ ላይ ሆኖ ያያል። ሁለት ጋቢ ደርቧል። ፀሐይዋ የምትሞቀው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሞቃለች እኮ፣ ይቺው ናት አልኩት። ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ቤቱ ገባ።

የጭንቀቴ ዝርዝር፦
ባቄላው የሚዘራበት መሬት አልታረሰም።
ገብሱ የሚዘራበትም አልታረሰም።
ዳለቻ ሳር ቀንሷል።
አስካለች ስታየኝ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እፈራታለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30

ይህን የማያምን ካለ መጥቶ ይጠይቀኝ።

ከብት በሚገባበት ሰዓት ነው። ዳለቻን አስገብቼ የበረቱን መዝጊያ ዘግቼ ደጅ ተቀምጫለሁ። ድንገት ኳ! ኳ! ኳ! ተንኳኳ። «ማነው?» አልኩ። መልስ የለም። ዞሬ ባይ ቦራ ነው። በቀንዱ የበረቱን መዝጊያ ያንኳኳል፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይጠብቃል። ገመዱን በጥሶ ያን ሁሉ ዳገት ብቻውን ወጥቷል። ጉልበቱ ተልጦ እስከ ሆዱ ጭቃ ነው።

ከፈትኩለት። ዳለቻ አንገቱን ይልሰው ጀመር። እኔም አንገቱን አቅፌ... እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ቆሜ ነበር።

ደስታዬ ምራቅ እስክውጥ ድረስ ነው የቆየው። የታች በሬ በእኔ በረት ውስጥ ነው! ስርቆት ነው! ከአገር መውጣት ነው! ይህ ብቻ ቢሆን መልካም። ነገ የታች ወጣቶች የእግሩን ፈለግ ተከትለው ቢመጡ፣ የእኛዎቹ ደግሞ ከላይ ቢያዩአቸው፣ ያ ሁሉ መሐላ በአንድ በሬ ምክንያት ፈረሰ ማለት ነው።

አስካለች «መልሰው» አለች። አሁን ከሄድኩ፣ ከሰው በሬ ጋር መንገድ ላይ ብገኝ፣ ነዳ ነው የሚሉት አልኳት። ካስቀመጥከውስ ምን ይሉሃል አለችኝ።

ሁለታችንም ልክ ነን። መጥፎ ነገር ነው፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ልክ ሲሆኑ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1

ልደታ ነች። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ዛፉ ስር ንፍሮ እየበላ ነው፤ ዛፉ ደግሞ ከበረቴ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ቦራ እምቧ ባለ ቁጥር እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረት እጀምራለሁ። ሰው ልደታን በተረት የማከብር መስሎት ይስቃል።

ክፍሌ ግን አልሳቀም። ንፍሮውን በእጁ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንድ በሬ አለህ አይደል?»

«አንድ።»

«በሁለት ድምፅ ነው የሚጮኸው።»

ሌላ ተረት ልጀምር ስል ክፍሌ አልጠበቀኝም። ተነሥቶ በረቱ ድረስ ሄደ፣ አየ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። በሬው የተነዳበት ሰው ነው፤ ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበታል?

«የእኔ በሬ የተነዳ ለት ያየ ሰው ነበር» አለኝ በቀስታ። «ጎረቤቴ ነው። ፈርቶ ዝም አለ። እሱ ያን ለት ቢናገር በሬው ይመለስ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ይቀር ነበር። አንተ ዝም አትበል። ዝም ማለት አታውቅም ብለውኛል፤ ዛሬ ያ ነገር ይጥቀምህ።»

ተነሣሁ። በሰው ሁሉ ፊት ለባሻ ዘለቀ ነገርኳቸው። ቦራ መጥቷል፣ ብቻውን ነው የመጣው፣ በረቴ ውስጥ ነው አልኩ። ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

ባሻ ፊታቸው ጠቆረ። ቦራን ወስደው በራሳቸው በረት አሰሩት። ወደ ሼህ ሙሳ ሰው ተላከ፤ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ዋርካው ስር ሁለቱም ወገን ይሰበሰባል። እኔም ቀርቤ እምላለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

እህል አልበላ አለኝ። አስካለች ከደብረ ብርሃን ያመጣሁላትን ሻሽ አውጥታ ታጥባለች። ለለቅሶ ይሁን ለሠርግ የምትለብሰው አልጠየቅኋትም።

ክፍሌ ከፍየሎቹ ጋር መጣ። ሦስተኛ ጋቢ ደርቧል፤ ሚስቱ የሰጠችው መሆን አለበት፣ ያጥራል። ቆላ አሁን ማሽላ ይዘራል አለኝ። ይማም የገባበት ማሳ የክፍሌ የነበረው ነው፣ መሬቱ ጥቁር ነው፣ ዝናቡ ካለፈ አይታረስም፤ በአንድ በሬ ምን ያደርገዋል ብሎ አዘነ። እየገረመኝ አየሁት። ማሳውን ለወሰደበት ሰው ያዝናል። ለማሳው ነው የሚያዝነው መሰለኝ። ለሁለቱም ይሆናል።

«እናንተስ መቼ ነው የምትዘሩት?» አለኝ።

ከሰኔ ሚካኤል ወዲያ አልኩት።

ተያየን።

ቆላው በግንቦት ይጨርሳል፣ ደጋው በሰኔ ይጀምራል። ሁለት በሬ አለ፣ አንድ ቀንበር አለ። ሐሳቡ የእኔ ነው።

እሺ፣ ሐሳቡ የክፍሌ ነው። አነጋገሩን ያሳመርኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ አንድም ነገር እንዳልዘል።

ዋርካው ስር የእኛዎቹ በአንድ ወገን፣ የነሱዎቹ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ቦራ መሃል ታስሯል። ይማም ከወዲያ በኩል ነው፤ ከስቷል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ጢሙን ነካ አደረገ። ሲጨንቀው ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

ሼህ ሙሳ አስማሉኝ። «በሬው በራሱ እግር ነው የመጣ፣ እኔ አልነዳሁትም፣ ሰውም አልላክሁም» ብዬ በልደታ ማርያም ማልኩ። እንዴት አወቅህ፣ እንዴት አድርጎ ገባ አሉኝ። ያን ጊዜ ስለ ማንኳኳቱ ነገርኳቸው። ኳ ኳ ኳውን በዱላዬ ዋርካው ግንድ ላይ አሳየሁ። «ማነው?» ማለቴን፣ ቦራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱን ሁሉ።

መጀመሪያ ሼህ ሙሳ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ባሻ። ከዚያ ሁለቱም ወገን በሳቅ ፈነዳ። ከአምና ወዲህ ላይና ታች አብረው ሲስቁ የመጀመሪያ ነው።

ግን ከወዲያ በኩል አንድ ጎልማሳ ተነሣና ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ዛሬ በሬ አንኳኳ ካልን ነገ ላም ዘፈነች ይባላል። ከእኛም ወገን እውነቱን ነው ያሉ አሉ። ሳቁ ጠፋ።

ይማም ቆመ። በሸንጎ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ ገመዱን አላጠበቅሁትም። ከወረደ ጀምሮ ሳር አልቀመሰም። ከሌላ በሬ ጋር ጠመድኩት፣ ቆመ። ወላሂ ልዋሽ አልችልም፣ ማንም በሌለበት ጆሮው ስር በስመ አብ አልኩት። ሽፈራው እንደሚለው። ያን ጊዜ ጥቂት ሄደ።» ትንፋሽ ወሰደ። «በሬው እርቁን አላፈረሰም። እኛ ለሰው ስንደራደር እሱን ረሳነው።»

ሼህ ሙሳ ባሻን አዩ፤ ባሻም ሼህን። ክፍሌ በጋቢዎቹ ውስጥ ሆኖ ሐሳቡን አወጣ። ሁለቱ በሬዎች ግንቦትን ታች ሲያርሱ ይቆዩ፣ ከሰኔ ሚካኤል ላይ ይውጡ። ቀንበሩም አብሮ ይውረድ፣ አብሮ ይውጣ። ርክክቡ በቀን፣ ዋርካው ስር፣ የሁለቱም ወገን ሰው ባለበት ይሁን። እኔ ላሳምረው ተነሥቼ ነበር፤ ባሻ በዱላቸው ጫፍ አስቀመጡኝ።

ያ ጎልማሳ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ በሬዎቹ የማን አገር ይባላሉ ብሎ ጠየቀ።

«የዋርካው» አሉ ሼህ ሙሳ።

ዱዓ አደረጉ፣ ባሻም መረቁ፣ ሁለታችንም ወገን ለሁለቱም አሜን አልን። ገና ሰው ሳይበተን አንዲት የታች ሴት ላይ ትታው የሄደችውን የወፍጮ ድንጋይ በዚሁ አይነት መጥታ ልትፈጭበት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ባሻ ራሳቸውን ያዙ። ይታያል ተባለ።

ዳለቻን ከቤት አምጥቼ ከቦራ ጎን አቆምኩት። ቀንበሩን በትከሻዬ ተሸክሜ ለይማም ሰጠሁት።

«እንዳትሰነጥቀው» አልኩት።

«መጥረቢያውን አንተ ነህ የያዝከው» አለኝ።

ሁለቱን እየነዳ ወረደ። አሁን ዞሮ አየኝ። ዱላውን ከፍ አደረገልኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 4

በረቱ ባዶ ነው፣ እኔ ግን ጠግቤአለሁ። ክፍሌ የፍየል ወተት ይዞ መጣ፤ አንድ ጋቢ ቀንሷል። ዘሃራ ያዳፈነችው ፍም እስካሁን አልጠፋም አለኝ።

አገር ሁሉ ስለሚያንኳኳው በሬ ነው የሚያወራው። ወሬው ደብረ ሲና ደርሶ፣ እዚያ ቦራ በር አንኳኩቶ «ደህና ዋላችሁ» ብሏል አሉ። እኔ እንኳ ይህን አልጨመርኩም!

አስካለች ግን ሻሿን እያጠፈች «መዝጊያው ሳይዘጋ ምኑን ነው ያንኳኳው?» አለችኝ። ሳቀች፣ ከዚያም መሳቋን ተወች።

እሺ። ደብተሬ ነው፤ ሌላ የሚያነብ የለም። በልደታ የማልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ በራሱ እግር መጣ፣ አልነዳሁትም። አንኳኳ ያልኩት ግን ከሆዴ ነው። ቦራ ምንም አላንኳኳም። ቀጥ ብሎ ገብቶ የራሱ ቦታ ላይ ቆመ።

መዝጊያው ክፍት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ዳለቻን ካስገባሁ በኋላ ልዘጋው ስል እጄ እምቢ ይለኛል፤ ሌላው መቼ ገባና? እላለሁ። አስካለች ወጥታ እስክትዘጋው ድረስ በየምሽቱ ደጅ ተቀምጬ ቁልቁሉን መንገድ አይ ነበር።